በቪዲዮ እንግሊዝኛ ማስተማር፦ ልጆቹ ያያሉ፣ ይስቃሉ፣ አይናገሩም

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ (የ7ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህርት)

ጤና ይስጥልኝ መምህራን። ክፍሉ 62 ተማሪ አለው፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ላፕቶፕና ፕሮጀክተር አለን፤ ኢንተርኔት የለም። 20 ደቂቃ የሚፈጅ ታሪክ ሳሳያቸው ጸጥ ብለው ያያሉ፣ የሚያስቅ ሲመጣ ይስቃሉ። «ምን አለ?» ብዬ ስጠይቅ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይወጣም። በዚያ ላይ በመስኮቱ ብርሃን ምስሉ ይደበዝዛል፤ ድምፁም ኋላ ወንበር አይደርስም። እያቆምኩ በአማርኛ ልተርጉምላቸው ወይ?

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ልጆቹ ታሪኩን ከምስሉ ብቻ ስለሚረዱት ቋንቋውን የሚያዳምጡበት ምክንያት የላቸውም። 20 ደቂቃውን ተዪውና ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን 2 ደቂቃ ብቻ ምረጪ። ከዚያ ምስሉንና ድምፁን ለያዪ።

መጀመሪያ ከ6 የማይበልጡ አዲስ ቃላት ሰሌዳ ላይ አስተዋውቂ፤ 5 ደቂቃ ይበቃል። ቀጥሎ ድምፁን ዘግተሽ አሳዪ። በአንድ ወንበር ያሉት 3 ወይም 4 ልጆች ሰዎቹ ምን እንደተባባሉ ገምተው በእንግሊዝኛ 2 ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። በሁለተኛው ዙር ድምፁን ክፈቺና ግምታቸውን ያመሳክሩ። እዚህ ላይ ክፍሉ ሲነቃ ታያለሽ፤ የገመተ ሰው ለማወቅ ይጓጓልና።

ከሦስተኛው ዙር በፊት 3 ጥያቄ ጻፊ። «በፊት» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ቪዲዮው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ የሚፈትነው ትውስታን እንጂ ማዳመጥን አይደለም። ጥያቄውም በዓይን የማይመለስ ይሁን። «ልጅቷ የት ገባች?» ለሚለው ምስሉ ራሱ ይመልሳል፤ «የዘገየችው ለምንድን ነው አለች?» ግን ጆሮ ይፈልጋል።

የቀረው 15 ደቂቃ ገደማ የንግግር ነው። በየዓረፍተ ነገሩ እያቆምሽ አስደግሚያቸው፤ ከዚያ ድምፁን እንደገና ዘግተሽ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በሰዎቹ ቦታ ራሳቸው ይናገሩ። ይህ ክፍል ከተቆረጠ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጊዜ ካጠረሽ ከጥያቄዎቹ ቀንሺ።

አማርኛውን መመሪያ ለመስጠት ተጠቀሚበት። በየመስመሩ ከተረጎምሽ ግን ልጁ እንግሊዝኛውን ያሳልፍና ያንቺን አማርኛ ይጠብቃል።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

መምህርት፣ እኔ ስለ ዕቃው ልጨምርልዎ። ለብርሃኑ መጋረጃ ከመግዛትዎ በፊት ፕሮጀክተሩን ወደ ግድግዳው ያስጠጉት። የምስሉ ስፋት ከ3 ሜትር ወደ 1.5 ሜትር ሲጠብ ያው ብርሃን በሩብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ አራት እጥፍ ይደምቃል። የሚያሳዩበት ግድግዳም የመስኮቱ ብርሃን በቀጥታ የማያርፍበት ይሁን።

ድምፁን በፕሮጀክተሩ ውስጥ ባለው ትንሽ ስፒከር አይመኑት። የውጭ ስፒከር ይግዙና ከተማሪው ጆሮ ከፍ ብሎ ከክፍሉ ጎን መሐል ላይ ይቀመጥ፤ ፊት ለፊት አስቀምጦ ድምፁን እስከ መጨረሻ መክፈት በቆርቆሮ ጣሪያና በባዶ ግድግዳ ላይ እያስተጋባ ቃላቱን ያደባልቃል። በበልግ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የትኛውም ስፒከር አያሸንፈውም፤ ለዚያ ቀን ድምፅ አልባውን ዙርና ጽሑፉን ያዘጋጁ።

ብዙ ሰው የሚቸገርበት ሌላ ነገር፦ በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲያገናኙ ድምፁ ወደ ፕሮጀክተሩ ይሄድና በላፕቶፑ ላይ የተሰካው ስፒከር ዝም ይላል። ስፒከሩ አልተበላሸም። ከስክሪኑ በስተቀኝ ታች ያለውን የድምፅ ምልክት ተጭነው ድምፁ በየት በኩል እንደሚወጣ ይምረጡ።

ቪዲዮውን ኢንተርኔት ካለበት ቦታ በኤምፒ4 ያውርዱት። በ480 ጥራት 3 ደቂቃው ከ20 እስከ 30 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ለክፍል ይበቃል። የብሪቲሽ ካውንስል ለርን ኢንግሊሽ ገጽ ትምህርቶቹን በደረጃ ስለሚለያቸው ለ7ኛ ክፍል ከጀማሪዎቹ ደረጃዎች፣ ከኤ1 እና ከኤ2፣ ይጀምሩ።

መብራት ለሚጠፋበት ቀን፦ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ በስሌት 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይሞት ግን ግማሹን ብቻ ይጠቀሙ። ፕሮጀክተሩ 250፣ ላፕቶፑ 50 ዋት ቢወስዱ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት በሚቀይረው ኢንቨርተር የሚባክነው ሲቀነስ፣ ከ1 ሰዓት ተኩል በላይ ያሠራል። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር በድንገት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ስለሚቆም ሙቀቱ አምፖሉን ይጎዳዋል። መብራት ወዲያው ቢመለስም እስኪበርድ አይክፈቱት።

መልስ፣ ከአንኮበር

የደብረ ብርሃኑ መምህር ባሉት እስማማለሁ፤ የድምፅ አወጣጥ ግን ቀርቷል። ቪዲዮ ከድምፅ ቅጂ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ምላስ በጥርስ መሐል የምትወጣበትን የእንግሊዝኛ ድምፅ ልጆቻችን «ስ» ወይም «ዝ» ያደርጉታል፤ ተናጋሪው በቅርብ ሲታይ አቁመው አፉን ያሳዩ።

ያለፈ ጊዜ ግሥም ጥሩ ልምምድ ነው። ልጆች ፊደሉን አይተው «ዎክድ» ይላሉ፤ ድምፁ «ዎክት» ነው። «ፕሌይ» ደግሞ «ፕሌይድ»፣ «ዎንት» ደግሞ «ዎንቲድ» ይሆናል። ሰሌዳውን «ት»፣ «ድ»፣ «ኢድ» ብለው በሦስት ይክፈሉትና ከቪዲዮው የሰሙትን ግሥ በየቦታው ያስገቡ። ጆሯቸው ሲለምድ አፋቸው ይከተላል።

አንድ ሐሳብ ልጨምር፦ ሁልጊዜ የሰው አገር ቪዲዮ አያሳዩ። በመንዝ ሱፍ ሲፈተልና ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ሲሠራ፣ ባለሙያዋን አስፈቅደው፣ በስልክ 2 ደቂቃ ይቅረጹ። ስልኩን አግድም ይያዙት፤ ድምፅ አያስፈልግም፤ ነፋሱም አያስቸግርዎትም። ተማሪዎቹ «ፈርስት»፣ «ኔክስት»፣ «ፋይናሊ» እያሉ ይተርኩበት። ሥራውን ስለሚያውቁት የሚፈልጉት ቋንቋውን ብቻ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ሌላውም ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚመጣባቸው አንድን ሥራ በቅደም ተከተል መግለጽ ከአሁኑ ይልመዱ።

ጠያቂዋ

ከምስሉ ስር የሚወጣው የንግግሩ ጽሑፍስ? ገና ከመጀመሪያው ይታይ ወይስ ይጥፋ?

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

እስከ ሦስተኛው ዙር ይጥፋ፤ ጽሑፍ ካለ ዓይን ያነባል፣ ጆሮ ያርፋል። መልሳቸውን ከጻፉ በኋላ ለማረሚያ ክፈቺው፤ እንግሊዝኛው ብቻ ይሁን። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም «ቪ» የሚለውን ፊደል ስትጫኚ ይጠፋል፣ ይመለሳል። የጽሑፉ ፋይል ከቪዲዮው ጋር አንድ ስም ይዞ በአንድ ፎልደር ካልተቀመጠ በራሱ አይከፈትም። ያመለጠ ቃል ለመድገም ሺፍትን ይዘሽ የግራውን ቀስት ተጫኚ፤ 3 ሰከንድ ወደኋላ ይመልስሻል። ፍጥነቱን ከ0.75 በታች አታውርጂው፤ ድምፁ ይጎተትና ቃላቱ የሚያያዙበት መንገድ ይጠፋል።