ባዶ የቀረ የፈተና ውጤት፦ ዜሮ ይሞላ ወይስ ይተው?

መምህር ከአራት ኪሎ፦
የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ውጤቱ በአጭር ፈተና 20፣ በሚድ 30፣ በፋይናል 50 ነጥብ ይያዛል። ማርክ ሊስቱን ወደ ኤክሴል ሳስገባ የአንዳንድ ተማሪዎች የሚድ ውጤት ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ታምሞ የሐኪም ማስረጃ ያመጣ አለ፤ ምንም ሳያሳውቅ የቀረም አለ። ከሁሉም ያስጨነቀኝ ግን በፈተናው ዕለት ፈርሞ የገባ፣ የመልስ ወረቀቱ ግን ከፖስታው ውስጥ ያልተገኘ ተማሪ ነው። ለሁሉም ዜሮ ልሙላ ወይስ ከሌሎቹ ውጤቶቻቸው ተነሥቼ ላስላ? የግሬድ ማስረከቢያው ቀን ደርሷል።

የሒሳብ መምህር፦
ዜሮ ማለት ተፈትኖ ምንም አላገኘም ማለት ስለሆነ፣ ላልተፈተነም ሆነ ወረቀቱ ለጠፋበት ተማሪ በጅምላ አይሞላም። በአጭር ፈተና 16፣ በፋይናል 40 ያገኘ ተማሪ ሚዱ ዜሮ ከተባለ ድምሩ 56 ነው፤ ሚዱ ተትቶ ከ70 ከተሰላለት ግን 80 በመቶ ይሆናል። በኤክሴልም ይጠንቀቁ፦ አቬሬጅ የተባለው ቀመር ባዶውን ሳጥን ዘልሎ ዜሮውን ይቆጥራል፤ ሳጥኖቹን በመደመር ምልክት ከደመሯቸው ደግሞ ባዶው እንደ ዜሮ ይወሰዳል። ሳጥኑ ውስጥ «ቀርቷል» ብለው ቢጽፉ መደመሩ የስሕተት መልእክት ያወጣል፤ እኔ በበኩሌ ይህንኑ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሳይታወቅ ከሚያልፍ ስሕተት የሚታየው ይሻላል።

ስታቲስቲክስ አስተማሪ፦
ዋናው ጥያቄ ውጤቱ ለምን ጎደለ የሚለው ነው። የስታቲስቲክስ ምሁሩ ዶናልድ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ መረጃ በአጋጣሚ ሲጎድልና ከራሱ ከጎደለው ዋጋ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሲጎድል ሁለቱ በአንድ ዓይን አይታዩም። የጠፋው ወረቀት ምናልባት በአጋጣሚ የጠፋ ነው፤ ሳያሳውቁ የሚቀሩት ግን ብዙ ጊዜ ያልተዘጋጁት ስለሚሆኑ፣ የተፈተኑትን ብቻ ይዞ የክፍሉን አማካይ ማውጣት ክፍሉን ከሆነው በላይ ያሳየዋል። የጎደለውን በግምት መተካት ለጥናት ተገቢ ዘዴ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ተማሪ ግሬድ ግን ተማሪው ሠርቶ ያላገኘውን ቁጥር መስጠት ስለሆነ አልደግፈውም።

የቀድሞ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፦
ዝርዝሩ እንደየተቋሙ የሴኔት ሕግ ይለያያል፤ ቢሆንም ከ70 አስልቶ መስጠቱን መምህሩ ብቻውን ሊወስነው አይገባም፣ ተማሪው በሚዱ የተሸፈነውን ትምህርት ማወቁ አልተመዘነምና። የሐኪም ማስረጃ ላመጣው ማስረጃው ተጣርቶ ሜካፕ (ማካካሻ) ፈተና ይሰጠዋል፤ እስከዚያው ግሬዱ ያልተሟላ ተብሎ ይያዛል። ሳያሳውቅ ለቀረው የኮርሱን መመሪያ ይከተሉ። ወረቀቱ የጠፋበትን በተመለከተ ግን ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ ስለዚህ የፈረመበትን ቅጽ ኮፒ አድርገው፣ ፈታኙ ወረቀቱን ቆጥሮ ማስረከቡን ጠይቀው ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ድጋሚ ይፈተን ወይም ሌላ መፍትሔ ይሰጠው የሚለውን ክፍሉ በቃለ ጉባኤ ይወስን። ቀኑ ደረሰ ብለው የግምት ግሬድ አያስገቡ፤ አንዴ ሬጅስትራር የገባን ግሬድ ማስቀየር ያልተሟላውን ከማሟላት ይልቅ እጅግ አድካሚ ነው።