ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኬ ብቅ ይልና ይጠፋል፣ እርዱኝ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፎቶና ቪዲዮ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት ደባርቅ ሠርግ ቀርጬ በሚኒባስ ተመለስኩ። ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናሌ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፔ ላይ ስሰካው መብራቱ ይበራል፣ ላፕቶፑም የመሰካት ድምፅ ያሰማል፣ ወዲያው ግን ይጠፋል። ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። አንዴ ትንሽ ቆየና «ለመጠቀም ፎርማት ይደረግ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ፈርቼ ዘጋሁት። ዊንዶውስ 10 ነው። የሙሽሮቹ ቪዲዮና ዘንድሮ ጥምቀትን ፋሲለደስ መዋኛ ላይ የቀረጽኩት እሱ ላይ ብቻ ነው ያለው። ሙሽሮቹ በየቀኑ ይደውላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፣ ከማራኪ
እኔ ፍላሽ ላይ እንዲህ ገጥሞኝ ያውቃል። ፎርማት አድርጊውና ፋይሎቹን በሪከቨሪ ሶፍትዌር መልሻቸው። ለእኔ ሠርቶልኛል።

መልስ፣ ከአራዳ፣ የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ
እህቴ፣ እባክሽ ፎርማት እንዳታደርጊው! ወንድማችን ያለው በቅንነት ነው፣ ግን ለእሱ የተሳካለት ዕድል ረድቶት ነው። ፈጣኑ ፎርማት የፋይሎቹን ማውጫ አጥፍቶ አዲስ ይጽፋል። ሙሉው ፎርማት ደግሞ ዲስኩን በሙሉ ዜሮ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

መብራቱ እየበራ ዲስኩ የሚመጣና የሚጠፋ ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኬብሉን ነው። እንዲህ ያለው ትንሽ ኤክስተርናል የራሱ ቻርጀር የለውም፤ ኃይል የሚያገኘው ከዩኤስቢው ነው። አሮጌው ዩኤስቢ 2 እስከ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ እስከ 900። ሞተሩ ብዙ ኃይል የሚፈልገው ሲነሳ ነው። ኬብሉ ውስጡ ከተበጠሰ መብራቷን ለማብራት ይበቃል፣ ሞተሩን ግን ማዞር ያቅተዋል። ዊንዶውስም በግማሽ ያነበበውን ዲስክ ፎርማት ይደረግ ይላል።

ከሁሉ በፊት ግን ጆሮሽን አስጠግተሽ አዳምጪው። ሽው እያለ የሚዞር ከሆነ ተስፋ አለው። ጠቅ ጠቅ ካለ ወይም ከፋቀ ወዲያው ንቀይውና ደግመሽ አትሰኪው። ያ የውስጥ ጉዳት ነው፤ በሞከርሽው ቁጥር ይብስበታል።

ጠያቂዋ
አዳመጥኩት። ሽው ይላል፣ ጠቅ ጠቅ የለውም። የሚጠፋው ኬብሉ ሲነካ ነው! ግን ዲስኩ ላይ የሚገባው ጫፍ ያ ሰፊው፣ ሁለት ክፍል ያለው ነው። ሦስት ሱቅ ጠይቄ አጣሁት።

መልስ፣ ከአዘዞ
አይዞሽ። ያ ሰፊ ቀዳዳ ትልቁ ክፍሉ የድሮ ስልኮች ማይክሮ ዩኤስቢ ነው። የድሮ ስልክ ኬብል ልክ ይገባበታል፣ ትንሹ ክፍል ባዶውን ይቀራል። ብቻ ዳታ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል አይሠራም። አጭሩን ምረጪ። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ በሴኮንድ 35 ሜጋባይት አካባቢ ነው የምታገኚው። ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ሰኪው፣ በሀብ (ፖርት በሚያበዛው ማከፋፈያ) አይሁን። ሰማያዊ ፖርት ካለው እሱን ተጠቀሚ።

መልስ፣ ከአራዳ
ትክክል ነው። ሲሰካ ጸንቶ ከቆየና ግን ፋይል ማኔጀሩ ላይ ካላየሽው ስታርትን በቀኝ ክሊክ አድርጊና ዲስክ ማኔጅመንትን (ዊንዶውስ የተሰኩትን ዲስኮች የሚዘረዝርበትን) ክፈቺ። መጠኑ ታይቶ ፊደል ብቻ (እንደ D ወይም E ያለው መለያ) ከጎደለው ፊደል ስጪው፣ ይከፈታል። «ኢኒሻላይዝ» (ዲስኩን እንደ አዲስ ላዘጋጀው) ካለሽ እምቢ በይ። «ሮው» (የፋይል አደረጃጀቱን ማንበብ አልቻልኩም ማለቱ ነው) ብሎ ካሳየሽም ምንም ሳትነኪ ወደ እኔ አምጪው፤ ቴስትዲስክ በሚባል ነጻ ፕሮግራም እንሞክራለን። ቼክዲስክንም (የዊንዶውስን የዲስክ ስህተት ማረሚያ) አሁን አታስነሺ። እሱ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ ኮፒ!

ጠያቂዋ
ተከፈተ! የታላቅ ወንድሜ የድሮ ስልክ ኬብል ነው የሠራው። ሠርጉን አስቀደምኩ፣ ከዚያ ጥምቀቱን። 300 ጊጋባይት ያህል ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። መሀል ላይ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ግን ኮፒው እስኪያልቅ ቆየልኝ። ቪዲዮዎቹን እየከፈትኩ አየኋቸው፣ ሁሉም ይሠራሉ። ሙሽራዋ ጋ ደወልኩላት፣ ደስታዋ ልዩ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መልስ፣ ከአራዳ
እንኳን ደስ አለሽ። አሁን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭነሽ የዲስኩን ጤንነት እዪ። ሰማያዊ ካሳየ ጥሩ ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ግን ሌላ ሠርግ አትጫኚበት።

ጠያቂዋ
ሰማያዊ ነው፣ «ጉድ» (በእንግሊዝኛ ጥሩ) ይላል። የተበላሸውን ኬብል በስህተት ማንም እንዳይሰካው ቆርጬ ጣልኩት።