ክላየንትና ሰርቨር የሚጋሩት ኮድ ሜክፋይል ላይ አስቸገረኝ

ጥያቄ
ሰላም ወገኖች። በሲ የምጽፈው ትንሽ የቻት ፕሮግራም አለኝ። ክላየንቱና ሰርቨሩ «ፕሮቶኮል.ሲ» የሚባል ፋይል ይጋራሉ። «ሰርቨር» የሚል ማክሮ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ ምልክት ስም) ሲኖር ብቻ የሚገቡ መስመሮች አሉት፤ ዳታቤዝ ላይ የሚጽፉ ናቸው። ሜክፋይሉ (ሜክ የሚባለው መሣሪያ ፕሮግራሙን የሚገነባበት የደንብ ፋይል) ላይ ለሰርቨር ታርጌት (የሚገነባው ነገር) ብቻ ይህን ማክሮ በፍላግ፣ ማለትም ለኮምፓይለሩ በሚሰጥ አማራጭ፣ ሰጥቻለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ስገነባ ክላየንቱ ሊንክ ላይ፣ ማለትም ኮምፓይል የሆኑት ክፍሎች ወደ አንድ ፕሮግራም ሲገጣጠሙ፣ ይወድቃል። የዳታቤዙን ፈንክሽኖች አላገኘሁም ይላል። ሁሉን አጥፍቼ ክላየንቱን ብቻ ስገነባ ግን ደህና ነው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

መልስ 1
ወንድሜ፣ ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ «ፕሮቶኮል.ኦ» (ከ«ፕሮቶኮል.ሲ» ኮምፓይል ተደርጎ የሚወጣውን ኦብጀክት ፋይል) ነው። ሜክ ደግሞ በአንድ ዙር አንድን ፋይል አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው። ለታርጌት የሰጠኸው ፍላግ ታርጌቱ ወደሚፈልጋቸው ፋይሎችም ይወርዳል፤ ስለዚህ ቀድሞ የደረሰው የራሱን ፍላግ ይዞ ይሠራዋል። ሌላው ያንኑ ይወስዳል። ሜክ የሚያየው ፋይሉ የተቀየረበትን ሰዓት እንጂ ፍላጉን አይደለም።

ኦብጀክት ፋይሎቹን ለያቸው። «ቢውልድ/ክላየንት/%.ኦ» እና «ቢውልድ/ሰርቨር/%.ኦ» ብለህ ሁለት ደንብ ጻፍ። ሁለቱም ከ«ሶርስ/%.ሲ» ይነሳሉ፤ «%» የፋይሉን ስም ይተካል። ማክሮውን ለሁለተኛው ብቻ ስጠው።

መልስ 2
ትክክል ነው። ግን እኔ ብሆን መጀመሪያ ማክሮውን ከዚያ ፋይል አወጣው ነበር። መልእክት ማሸግና መፍታት ለሁለቱም ወገን አንድ ነው። የዳታቤዙን መስመሮች ወደ ሰርቨሩ የራሱ ፋይል ውሰዳቸው። ከዚያ የጋራውን ኮድ አንዴ ኮምፓይል አድርገህ በስታቲክ ላይብረሪ (ኦብጀክት ፋይሎች አንድ ላይ በሚታሸጉበት ፋይል) ታሽገዋለህ። ሊንክ ስታደርግ ላይብረሪው ከኦብጀክት ፋይሎቹ በኋላ ይምጣ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። እኔ ማክሮውን ስትራክት (የመልእክቱን ክፍሎች አንድ ላይ የሚይዝ የዳታ ቅርጽ) ውስጥ አስገብቼው ነበር። ሊንከሩ ምንም አላለም። ክላየንቱ ግን የተዛባ መልእክት ያነብ ነበር፤ ምክንያቱም የስትራክቱ መጠን በሁለቱ ወገን ይለያያል። ያንተው እንኳን ገና ሊንክ ላይ ስለጮኸ እድለኛ ነህ።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ! ፎልደሮቹን ለየሁና ሠራ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ «ፎልደሩ የለም» ይላል። ሄደር ፋይል (የ«.ሲ» ፋይሎች የሚጋሩት የመግለጫ ፋይል) ስቀይር ደግሞ ምንም እንደገና አይገነባም።

መልስ 1
ፎልደሩን የሚፈጥር ደንብ ጻፍና በኦብጀክት ደንቦቹ ላይ ከ«|» ምልክት በኋላ አስገባው። ከምልክቱ በፊት ካደረግከው፣ ፋይል በተጨመረ ቁጥር የፎልደሩ ሰዓት ስለሚቀየር ሜክ በከንቱ ደጋግሞ ይገነባል።

ለሄደሩ «-ኤምኤምዲ -ኤምፒ» የሚሉትን ፍላጎች ጨምር። ጂሲሲም ክላንግም የተባሉት የሲ ኮምፓይለሮች ያውቋቸዋል። ከየኦብጀክቱ ጎን የሚጠቀማቸውን ሄደሮች የሚዘረዝር «.ዲ» ፋይል ይጽፉልሃል። እነሱን ሜክፋይሉ መጨረሻ ላይ በ«-ኢንክሉድ» ጥራቸው። ሰረዟን እንዳትረሳ፤ እሷ ከሌለች ፋይሎቹ ገና ባልተፈጠሩበት በመጀመሪያው ግንባታ ስህተት ሊሰጥህ ይችላል።

ጠያቂው
ሠራ! በ«-ጄ4» አራት ሥራ በአንዴ ሰጥቼውም ፈተንኩት፣ ደህና ነው። የዳታቤዙን መስመሮች ዛሬ ማታ አወጣቸዋለሁ።