ፎክስሊዝ ይሸጥ? «10 ፐርሰንት» ስለሚባለው ነገር

የማርታ እናት
ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን አንጀቴን እያቃጠለኝ ነው። የብሪታኒያው የሴት ልጆች ማኅበር ገርልጋይዲንግ አምስቱንም የካምፕ ማዕከሎቹን ሊሸጥ ነው ተብሎ በግንቦት (2023) ተነገረ አይደል? ፎክስሊዝ፣ ብላክላንድ ፋርም፣ ዋዶ ሆል፣ ሌሎቹም። እኔ አዝኜ ሳወራ አንዱ ወንድማችን «ለጫካ ደግሞ ይለቀሳል እንዴ? 10 ፐርሰንት ሰው እንኳ አይረግጠውም» ብሎ ጠረጴዛውን ሙሉ አሳቀብኝ። ልጄ ፎክስሊዝ ሦስት ጊዜ አድራለች። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። እዚህ ግን ዝም አልልም። ይሸጥ የምትሉ ምክንያታችሁን አምጡ።

ደረጀ ፔካም
«አንዱ ወንድማችን» እኔ ነኝ፣ በስሜ ብትጠሪኝ አልከፋም ነበር። ቁጥሩን እኔ አልፈጠርኩትም። ከአባሎቻችን በዓመት የሚሄደው ከ10 ፐርሰንት በታች ነው ያለው ማኅበሩ ራሱ ነው። ለእድሳት ደግሞ ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይፈልጋል ብለዋል። የ90ውን ልጅ መዋጮ ሰብስበሽ ለ10ሩ ጣሪያ ታለብሻለሽ? ይሸጥና ገንዘቡ ልጆቹ በየሳምንቱ ለሚሰበሰቡበት ይዋል። ያለቀ ነገር ነው።

ሊዲያ
አላለቀም። 10 ፐርሰንት በዓመት ነው ወንድሜ። በዓመት! ልጅ በ4 ዓመቷ ሬይንቦ በሚባለው የትንንሾቹ ቡድን ትገባለች፣ ከዚያ በዕድሜዋ ብራውኒ፣ ጋይድ እያለች በ18 ሬንጀር ሆና ትወጣለች። በየዓመቱ የሚሄዱት እነዚያው ልጆች ናቸው እንዴ? ዘንድሮ የኔ፣ ለከርሞ የጎረቤቴ። አንተ የአንድ ዓመት ፎቶ አንስተህ «ማንም የለም» ትላለህ።

ደረጀ ፔካም
14 ዓመት የምትቆይ ልጅ አሳዪኝ። የኔዋ በሁለተኛው ዓመት ወደ ባሌት ሄደች። ደግሞ እነዚያው ቅርብ ያሉት ቡድኖች ናቸው የሚመላለሱት። ለንደን ውስጥ መኪና የሌለው ቤተሰብ ፎክስሊዝ ያለበት ሊንድኸርስት ድረስ በምን ይሄዳል?

የማርታ እናት
በባቡር ነዋ! እኛ እንዴት የሄድን መሰለህ? 20 ልጅ፣ 20 የመኝታ ከረጢት፣ ባቡሩ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ቦታ ቀይሮ ሸሸን።

ጋሽ ተሾመ
ልጆች፣ ስትጨቃጨቁ ስለ ቦታው የረሳችሁት ነገር አለ። ፎክስሊዝ በገበያ የተገዛ ቤት አይደለም፣ የተሰጠ ነው። በ1922 አንዲት አሜሪካዊት ሴትዮ ቤቱንም መሬቱንም ለሴት ልጆቹ ሰጠች። ማስተዳደሪያ ሲቸግራቸው የእንግሊዙ ንጉሥ ልጅ ልዕልት ሜሪ ደረሰችላቸው፤ በዚያው ዓመት ነበር ያገባችው። የሰርግ ስጦታዋ ለሕዝብ ታይቶ ከተሰበሰበው ገንዘብ ከፍላ ሰጠቻቸው። በ1924 የመጀመሪያው የዓለም ካምፕ እዚያው ተደረገ፣ ከብዙ አገር የመጣች ልጅ አንድ ጫካ ውስጥ አደረች። እንዲህ ያለ ስጦታ ይሸጣል?

ደረጀ ፔካም
ጋሼ በጣም አከብርዎታለሁ፣ ግን የሰርግ ስጦታ የሸጠ ስንት ሰው አውቃለሁ መሰለዎት። እኔ ራሴ ሁለት ጀበና ሸጫለሁ።

ሊዲያ
ጨዋታ አታድርገው። 10 ፐርሰንቱ ላይ መልስ አልሰጠህም።

ብሌን
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እኔ ስለ ሽያጩ ምንም አስተያየት የለኝም። የሚገርመኝ እናንተ የ8 ዓመት ሴት ልጅ ጫካ ውስጥ ድንኳን ሥር ስታሳድሩ እንቅልፍ ይወስዳችኋል? እናቴ ይሄን ብትሰማ ከአዲስ አበባ በእግሯ ትመጣለች። ደሞ ጾም አለ፣ ምን ያበሏቸዋል?

የማርታ እናት
ብሌንዬ፣ እኔ አብሬ ነው የሄድኩት። ወጥ ቤት ገባሁ። መጀመሪያ ቀን አንዷ መሪ ድስቱን ከእሳት በፊት ከውጭ በኩል በፈሳሽ ሳሙና ስትቀባ አየሁና ይቺ ሴት አብዳለች አልኩ። ለካ ጥላሸቱ በቀላሉ እንዲለቅ ነው። እናቴ አመድ በውሃ ለውሳ የድስት ቂጥ ትቀባ የነበረው ትዝ አለኝ፣ ሳቄ መጣ። በጾም ቀን ምስር ሠራሁላቸው፣ የፈረንጆቹ ልጆች ደገሙ። ችግሩ ሌላ ነው። ፎክስሊዝ ባለበት ጫካ፣ በኒው ፎረስት፣ ፈረሶቹ ልቅ ናቸው። ጠዋት ስንነሳ አንዱ ድንክ ፈረስ አንገቱን የምግቡ ድንኳን ውስጥ ከቶ አራት ዳቦ ጨርሷል። ማርታ እስከ ዛሬ የምታወራው እሱን ነው።

ብሌን
እና ድንኳኑ ውስጥ ፈረስ ይገባል እያልሽኝ ነው? ጭራሽ አልልክም።

ደረጀ ፔካም
ይኸው! አሁን 9 ነጥብ 9 ፐርሰንት ሆነ።

ጋሽ ተሾመ
እኔ በንጉሡ ዘመን ስካውት ነበርኩ፣ ያውም ፉጨት አንገቴ ላይ። ደርግ መጣና ቀረ። ቦታም ልማድም አንዴ ከጠፋ እንዴት እንደማይመለስ የማውቀው ከዚያ ነው።

ደረጀ ፔካም
ጋሼ፣ ደርግንና የበጎ አድራጎት ቦርድን አንድ ላይ? ኧረ ይፍሩ።

ሊዲያ
ነጥቡን ሆን ብለህ እየሳትክ ነው። የስካውቶቹን የካምፕ ቦታ ጊልዌልን እይ። በ1919 አንድ ስኮትላንዳዊ ኤፒንግ ጫካ አጠገብ ያለውን ቦታ በ7,000 ፓውንድ ለስካውቶች ሲገዛላቸው ቤቱ የተጎሳቆለ፣ ግቢው አረም የዋጠው ነበር። በፋሲካ ሰሞን ሊያጸዱ የመጡት ወጣቶች መሬቱ ረጥቦባቸው ድንኳን መትከል አቅቷቸው የአትክልተኛ ጎጆ ውስጥ አደሩ። «የአሳማ ጋጣ» ብለው የጠሩት ጎጆ ዛሬም ቆሟል። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ «ስንት ፐርሰንት ይጠቀምበታል?» ቢል ኖሮ ጊልዌል አይኖርም ነበር። ወንዶቹ የያዙትን ሴቶቹ ለምን ይሸጣሉ?

ደረጀ ፔካም
ስካውት ሴቶችንም ያስገባል፣ የወንድና የሴት አታድርጊው። ደግሞ ራስሽ መለስሽልኝ፦ ጊልዌልን ያተረፈው አካፋ ይዞ የመጣ ሰው ነው። እዚህ ፊርማ የሚያሰባስብ እንጂ አካፋ የያዘ አላየሁም።

የማርታ እናት
እኔ ሳሙና የቀባሁት ድስት ምንድነው ታዲያ? አንተ አንድ ቀን መጥተህ ሰሃን አጥበህ ታውቃለህ? በነጻ ነው የሠራሁት፣ የባቡሬንም የከፈልኩት እኔ ነኝ። ቦርዱ ሲወስን ግን የጠየቀኝ የለም። እኔን የሚያበግነኝ እሱ ነው፣ መሸጡ ብቻ አይደለም። አምስቱንም ባንዴ! አንዱን ሸጦ አራቱን ማደስ አይቻልም ነበር?

ደረጀ ፔካም
ይሄኛው እንኳ ጥያቄ ነው። አንዱን ሸጦ የሚለው። ግን የትኛውን? አንቺ ፎክስሊዝን አትሰጪ፣ የላንካሻየሮቹ ዋዶን አይሰጡ።

ሊዲያ
ዋዶን ይሽጡ፣ እዚያ ፔግ የምትባል የተረት ገረድ ጭንቅላት የሌለው ሐውልት ምንጩ አጠገብ ቆሟል። በእሷ የተነሳ እዚያ ያለው ወንዝ በየሰባት ዓመቱ ሰው ይወስዳል የሚል ተረት አላቸው። ልጄ ሰምታ ለሁለት ሌሊት መብራት አላጠፋችም።

ብሌን
እና ይሄን ሁሉ አውቀሽ ነው የላክሻት?!

ሊዲያ
ዘንድሮም ተመዝግባለች።

ደረጀ ፔካም
እንግዲህ ማኅበሩ ያለው 10 ፐርሰንት...

የማርታ እናት
ደረጀ፣ ያቺን ቁጥር አንድ ጊዜ ብትደግማት በሚቀጥለው እሁድ ሻይ አልቀዳልህም። ሊዲያ፣ ድንኳኑን ቅዳሜ ስትመልሺ ካስማዎቹን ቁጠሪያቸው። ባለፈው አራት ጎድሎ ነው የመጣው።