በጅማ የቡና ጥላ ሥር የሚታዩ ስደተኛ ወፎችን ቀለበት ማሰር ይቻላል?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር፣ ጅማ
ጤና ይስጥልኝ። መጋቢት ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር፣ በትምህርት ቤታችን አጠገብ ባለው የቡና ማሳ፣ በዋንዛውና በሰሳው ላይ፣ እፍኝ የማይሞሉ ወደ ቢጫ የሚያደሉ አረንጓዴ ወፎች ከቅጠል ቅጠል እየዘለሉ ነፍሳት ሲለቅሙ እናያለን፤ ከሚያዝያ በኋላ ግን ዓይናቸው ይጠፋል። ተማሪዎቼ የሚመለሱት እነዚያው ወፎች መሆናቸውን ለማወቅ ጓጉተው፣ ከቀጭን ሽቦ ቀለበት ሠርተን እግራቸው ላይ እንሰር ይላሉ። ይህ ተገቢ ነውን? ካልሆነስ ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ቀለበት በማሰር ሥራ የተሳተፈ
መምህር፣ የተማሪዎችዎ ጥያቄ ዘዴው የተጀመረበት ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል፤ በ1899 (እ.ኤ.አ.) ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸበትን የአሉሚኒየም ቀለበት በወፎች እግር ላይ ማሰር የጀመረው ዴንማርካዊው ሞርተንሰንም እንደ እርስዎ መምህር ነበር። የሽቦውን ነገር ግን እባክዎ ይተዉት። ሽቦ እግር ይቆርጣል፣ ከጭራሮ ጋር ይጠላለፋል፤ በመዝገብ ያልተያዘ ቀለበት ደግሞ ወፏ ሌላ አገር ብትገኝ እንኳ ለማንም ምንም አይናገርም።

ሥራው ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ ከሠለጠነ ሰው ዘንድም ልምምድ ይጠይቃል። ወፎቹን ለመያዝ በዛፎች መካከል የሚዘረጋው መረብ ለዓይን እስኪያዳግት የሳሳ በመሆኑ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ካልተጎበኘና ዝናብ ሲመጣ ካልተሰበሰበ ወፎቹን ይገድላል። የተያዘችው ወፍ በጨርቅ ከረጢት ትቆያለች፤ ከዚያም አንገቷ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት መካከል ሳይጠብቅ ተይዞ፣ ክንፏ ይለካል፣ ትመዘናለች። የደረቷን ላባ እፍ ሲሉት ከቆዳዋ ሥር ቢጫ ስብ ይታያል፤ ስቡ ከጉሮሮዋ በታች ያለውን ጎድጓዳ ሞልቶት ከሆነ ለረጅሙ በረራ ስንቋን ቋጥራለች ማለት ነው።

መልስ፦ ወፍ ተመልካች፣ ጅማ
ከገለጻዎ ስነሳ ያያችኋቸው ዊሎው ዋርብለር የሚባሉት ይመስሉኛል። ክብደታቸው 10 ግራም ገደማ ሲሆን፣ የሚራቡት ከአውሮፓ ሰሜን እስከ ሳይቤሪያ ባለው ምድር ነው። በጣም የሚመስላቸው ቺፍቻፍ የሚባለው ወፍ እግሩ ጥቁር ነው፤ የዊሎው ዋርብለር እግር አብዛኛውን ጊዜ ፈዘዝ ያለ ነው። ከመሄዳቸው በፊት እዚሁ ማዜም ስለሚጀምሩ ጆሮም ይረዳል፤ ዜማው ከላይ ጀምሮ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ያበቃል። ለጀማሪ ለመለየት የሚቀለው ግን ብላክካፕ የሚባለው ሌላው ስደተኛ ወፍ ነው፤ የወንዱ አናት ጥቁር፣ የሴቷ ቡናማ ስለሆነ ተማሪ አይሳሳትም።

ወደ ቦዬ ረግረግ ብትወርዱ ደግሞ ጭራቸውን የሚያወዛውዙ ቢጫ ወፎች በግጦሹ ላይ ከብቶቹን ተከትለው ታገኛላችሁ። አንድ ቋሚ መንገድ መርጣችሁ፣ በየሳምንቱ በማለዳ በዚያው ሰዓት እየሄዳችሁ ያያችሁትን ዓይነትና ብዛት፣ ምንም ያላያችሁበትን ቀን ጭምር መዝግቡ፤ የመጨረሻዋ ወፍ የታየችበት ቀን ከዓመት ዓመት ሲነጻጸር ብዙ ያስተምራል።

መልስ፦ የደን ተማሪ
በምክሩ እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ያችው ወፍ ናት?» የሚለውን የልጆቹን ጥያቄ ቀለበት እንጂ ማስታወሻ ደብተር አይመልሰውም። በመረብ መያዝ ሌላም ጥቅም አለው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተመው በእኛው አካባቢ የተሠራ ጥናት፣ በተፈጥሮ ደን ውስጥ የተገኙት የወፍ ዝርያዎች ሁሉ በጥላ ቡና ማሳም እንደተያዙ፣ ነገር ግን ከደኑ ሥር ነፍሳት እየለቀሙ የሚኖሩት በደኑ ውስጥ በይበልጥ እንደሚበዙ ያሳየው በመረብ ነው። ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ የሚሽሎኮለኩን ወፍ በዓይን ብቻ መቁጠር አስቸጋሪ ነውና። ስለዚህ ልጆቹ ምዝገባውን ይጀምሩ፤ እርስዎም ፈቃድ ያለው ተመራማሪ ወደ አካባቢው ሲመጣ ሥራውን ቆመው እንዲያዩ ይጠይቁላቸው። ቀለበት ያላት ወፍ ሞታ ካገኙ ቁጥሩንና ጽሑፉን ፎቶ አንሥተው፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፈው ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ያሳውቁ፤ በሕይወት ካለች ቀለበቱን አያውልቁባት።