በገዛ ግቢያችን አሮጌ ገንዘብ በዲቴክተር ፈልገን እንድናወጣ ይፈቀድልን?

ጥያቄውን ያቀረቡት አባል፦

በይዞታው ውስጥ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ (ዲቴክተር) ይዞ አሮጌ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው እንደ ወንጀለኛ ሊታይ አይገባም እላለሁ። አያቶቻችን ባንክ አልነበራቸውም፤ የመጀመሪያው ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ በኋላም እንኳ የባላገሩ ባንክ ማሰሮና ጓሮ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ ሊሬውን ሲያስገድድ ጠገራ ብሩን የቀበረ ቤተሰብም አለ። የአያቴ ብር በአያቴ ጓሮ ቢገኝ ከእኔ በላይ ባለመብት ማን ሊሆን ይችላል? ለሽንት ቤትና ለቤት መሠረት ስንቆፍር ዝም የሚለን ሕግ፣ ለብር አንድ ስንዝር ስንጭር ለምን ይቆጣናል?

ከአክሱም የሚጽፉ አባል፦

ወንድሜ ያነሡት የቤተሰብ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ዲቴክተሩ የአያትዎን ብር ከነገሥታቱ ገንዘብ ለይቶ አይጮኽም። እኛ ዘንድ ብዙ መኖሪያ ቤት የቆመው በጥንቱ ከተማ ላይ ስለሆነ፣ ከዝናብ በኋላ በእርሻም በግቢም የነሐስ ገንዘብ ማግኘት ለአካባቢው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ገንዘብ ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ ማለትም ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የተመታ ሲሆን፣ ከአክሱም ነገሥታት ብዙዎቹን የምናውቃቸው በእርሱ ብቻ ነው። የዒዛናን የሃይማኖት ለውጥ እንኳ ጨረቃው ተነሥቶ መስቀል በተተካበት ገንዘብ ላይ በዓይናችን እናየዋለን። እንዲህ ያለው ገንዘብ በዶማ ተነቅሎ ለቱሪስት ሲሸጥ፣ በየትኛው ወለል ላይ፣ ከየትኛው ሸክላ ጋር እንደነበረ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም። አንዳንዱ ነሐስ ከንጉሡ ራስ ዙሪያ በስሱ በወርቅ የተለበጠ ስለሆነ፣ ዝገቱን ለማስለቀቅ አጥብቆ የሚያሽ ሰው ወርቁንም አብሮ ሊያጠፋው ይችላል።

ይህ የአክሱም ጉዳይ ብቻ ነው እንዳይባል ማርትሬዛን፣ ማለትም ጠገራ ብሩን ራሱን እንውሰድ። በላዩ የተቀረጸው ዓመት 1780 ነው፤ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ካረፈች በኋላ በቪየናም ይመታ፣ በሮም ወይም በለንደን፣ ዓመቱ አልተለወጠም። ስለዚህ መቼ እንደተቀበረ ብሩ ራሱ አይነግረንም፤ የሚነግረን ማሰሮው፣ አብሮት የተገኘው የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) ወይም የጣሊያን ሳንቲም፣ ከላዩ ያረፈው የአመድና የአፈር ንጣፍ ነው። የአያትዎን ታሪክ የሚፈልጉ ከሆነ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው፤ ቸኩሎ የቆፈረ ሰው ብሩን ይዞ ታሪኩን ይበትነዋል።

የሕግ ባለሙያ የሆኑ አባል፦

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና መቆፈርን ይከለክላል። በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ግን ጥፋተኛ አይደለም፤ ግዴታው ለቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ማሳወቅና ቅርሱን እንዳለ መጠበቅ ነው፤ ሲያስረክብም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠውና ወጪው እንዲተካለት ተደንግጓል። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ፣ ያገኘው ሰው ለክልሉ መንግሥት በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ነጻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉድጓድ ሲቆፈር የተገኘና በዲቴክተር ታስቦበት የተፈለገ ቅርስ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

ጥያቄውን ያቀረቡት አባል፦

መሠረት ሊጥል ሲሚንቶ ገዝቶ ለተቀመጠ ድሃ ስድስት ወር ምን ማለት እንደሆነ ይታሰብ። እንግሊዞች ግን ዜጋቸውን አምነዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 በሆክስን መንደር አንድ ሰው የጠፋ መዶሻ በዲቴክተር ሲፈልግ ወደ 15,000 የሚጠጋ የሮማ ገንዘብ አገኘ፤ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድም ተከፈለው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕጋቸውም ያገኘው ሰው በ14 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ሙዚየም ዕቃውን ከወሰደ ዋጋው ይከፈላል።

ከአክሱም የሚጽፉ አባል፦

የጠቀሱት ምሳሌ የእኔን ሐሳብ ይደግፋል። ያ ሰው ገንዘቡን ሲያይ መቆፈሩን አቁሞ አስታወቀ፤ የቀረውን ባለሙያዎች ስለቆፈሩት ገንዘቡ የተቀመጠበት ሣጥን ቅሪት ሳይቀር ተገኘ። ያቆመውም የሚመጣ ባለሙያና የሚከፍል መንግሥት እንዳለ ስላመነ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ሽልማቱ በአዋጅ ተጽፎ ሳለ፣ አንድ ገበሬ ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ቢያመለክት ምን ያህል፣ መቼና ከማን እንደሚከፈለው ቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ ነጋዴው ግን በዚያው ዕለት እጁ ላይ ይቆጥርለታል። ስለ ስድስት ወሩም እውነትዎን ነው። ዲቴክተር ከመፈቀዱ በፊት የሽልማቱ መጠን በመመሪያ ይወሰን፣ ለአስረካቢው በዕለቱ ደረሰኝ ይሰጠው፣ መሠረቱ ላይ ያለ ሰው ጉዳይም በሳምንታት ውስጥ ይታይለት። ይህ ሳይሟላ መሣሪያውን ብቻ መፍቀድ ከሕዝቡ ይልቅ ነጋዴውን ይጠቅማል።

ጥያቄውን ያቀረቡት አባል፦

ደረሰኙ በዕለቱ ከተሰጠኝ ማሰሮውን ሳልነካ እጠራችኋለሁ። የቤተሰባችን መሆኑን በምስክር ያረጋገጥሁት ጠገራ ብር ግን እንዲመለስልኝ መጠየቄን አልተውም።