ጋዝ ወይስ ኤሌክትሪክ? መጀመሪያ ቤትሽ በምን እንደሚሞቅ እዪ

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ልጆች ይዞ በአንድ ክፍል መኖር ምን እንደሆነ እዚህ ያለነው ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ደስ ብሎኛል።

ጥያቄሽን አነበብኩት። ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የሰጠሽ ቤት ባዶ ነው፤ ኩሽናው ውስጥ የጋዝ ቱቦም አለ፣ ለኤሌክትሪክ ማብሰያ የተዘጋጀ መስመርም አለ። ከላይ ምድጃ ከታች ኦቨን ያለውን ልትገዢ ነው፤ የትኛው ወጪ ይቀንሳል ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ "ጋዝ ርካሽ ነው፣ አለቀ" ብለዋል። አልተሳሳቱም፤ ግን የነገሩሽ ግማሹን ነው። እኔም ሎንደን እንደገባሁ ይኸው ግማሽ መልስ ተነግሮኝ ገንዘብ አውጥቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ዋጋው። ኦፍጌም የሚባለው የጋዝና የመብራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በየሦስት ወሩ የዋጋ ጣሪያ ያወጣል። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር 2025 ባለው ጊዜ፣ ክፍያው ከባንክ በቀጥታ ለሚቆረጥ ሰው በአማካይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥረው አንድ ዩኒት) ኤሌክትሪክ 26.35 ፔንስ ነበር። ጋዝ ደግሞ 6.29 ፔንስ። መብራቱ ከጋዙ አራት እጥፍ በላይ ይወደዳል ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ጋዝ ቢል አይፈረድበትም።

ግን የጋዝ ኦቨን ለአንድ ዓይነት ሥራ ብዙ ኃይል ይፈጃል። ሙቀቱ ከጭሱ ጋር ይወጣል። የኤሌክትሪኩ፣ በተለይ ማራገቢያ ያለው፣ በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የጋዙ ለዚያው ሰዓት አንድ ተኩል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በፔንስ ስንመነዝረው ኤሌክትሪኩ 26፣ ጋዙ 10 ገደማ ይመጣል። ልዩነቱ በአንድ ጊዜ 16 ፔንስ ነው። በሳምንት ሦስቴ ኦቨን የሚያበራ ቤት በዓመት 25 ፓውንድ ያህል ይቆጥባል። ይኸው ነው። ሰው እንደሚያወራው ብዙ አይደለም።

አሁን ያልነገሩሽን ልንገርሽ። ስታንዲንግ ቻርጅ የሚባል አለ። ጋዙን ነካሽውም አልነካሽውም፣ ቆጣሪው ቤትሽ ውስጥ ስላለ ብቻ በየቀኑ የሚቆጥርብሽ ክፍያ ነው። በዚያው ጊዜ ለጋዝ በቀን 34 ፔንስ ገደማ ነበር። በ365 ቀን አባዢው፤ 124 ፓውንድ ነው። ለኤሌክትሪክም የራሱ አለው፣ ከጋዙም ይበልጣል። ግን መብራት የሌለው ቤት ስለሌለ እሱን በየትኛውም መንገድ ትከፍያለሽ።

ስለዚህ ኦቨን ከመምረጥሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ። ቤትሽ የሚሞቀው በምንድን ነው? ግድግዳ ላይ የጋዝ ቦይለር ካለ የጋዝ ቆጣሪው የግድ ነው። 124 ፓውንዱን ለማሞቂያውና ለሙቅ ውሃው ስትከፍይ ትኖሪያለሽ። በዚያ ላይ የጋዝ ኦቨን ብትጨምሪ የዩኒት ዋጋውን ብቻ ነው የምትከፍይው፤ የዚያኔ ጋዝ በእርግጥ ይረክሳል። ነገር ግን ሕንፃው ሙቀት ከአንድ ማዕከል ለሁሉም ቤት የሚያከፋፍል ከሆነ፣ ወይም ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ፣ ጋዙን የምታስገቢው ለማብሰያ ብቻ ነው። 25 ፓውንድ ለማዳን 124 ትከፍያለሽ።

እኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የመጀመሪያ ቤቴ ማሞቂያ በኤሌክትሪክ ነበር። ጋዝ የነበረው ለምድጃው ብቻ ነው። ቆጣሪው ደግሞ በቅድሚያ ካርድ እየተሞላ የሚሠራ ነበር። እናቴን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ሄጄ ስድስት ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ሻይ ላፈላ ብል ጋዙ አይበራም። 10 ፓውንድ ሞላሁ፤ አሁንም እምቢ አለ። ለካስ በሌለሁበት በየቀኑ ሲቆጠር የቆየው ዕዳ የሞላሁትን በልቶት ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቤቱን ያሳየኝ ሰውም አልነገረኝም።

ስለ ምድጃውም ልናገር፤ የእኛ ቤት ከኦቨኑ ይልቅ ምድጃው ላይ ነውና። ሽንኩርት ለወጥ በደንብ እስኪበስል ሰዓት ይፈልጋል፣ ዶሮ ወጥ ደግሞ ግማሽ ቀን ይይዛል። ቀጥታ ድስቱን የሚያሞቀው፣ ኢንዳክሽን የሚባለው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከጋዝ ነበልባል ግማሽ ያህል ኃይል ይበቃዋል፤ የጋዙ ሙቀት አብዛኛው በድስቱ ዙሪያ ይባክናል። ያም ሆኖ ዋጋው አራት እጥፍ ስለሆነ ምድጃ ላይ ጋዝ አሁንም ይረክሳል። በየቀኑ ወጥ በሚሠራበት ቤት ልዩነቱ በዓመት 75 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል። ከኦቨኑ 25 ጋር ሲደመር 100 ሆነ። ከ124ቱ ያንሳል፣ ግን ጠባብ ነው። ከቤትሽ እንግዳ የማይጠፋ ከሆነ፣ ወይም ለማኅበርና ለክርስትና በትልልቅ ድስት የምትሠሪ ከሆነ ሊገለበጥ ይችላል። የራስሽን ኑሮ አንቺ ታውቂዋለሽ።

እንጀራን ከዚህ ሂሳብ አውጪው። ምጣዱ በመብራት ነው የሚሠራው፣ የጋዝ ኦቨን ብትገዢም ባትገዢም አይለወጥም። 1500 ዋት ምጣድ ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 3 ዩኒት ነው፤ 79 ፔንስ። በየሁለት ቀኑ ጥቂት ከመጋገር ሊጡን አጠራቅሞ አንዴ መጋገር የሚያዋጣው ምጣዱን ደጋግሞ ማጋል ስለሚቀር ነው።

ድፎ ዳቦን ግን ለኤሌክትሪኩ እመሰክርለታለሁ። በጋዝ ኦቨን ሙቀቱ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይበረታል፣ ታች ያለው ይዘገያል። ስንት ጊዜ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ አውጥቻለሁ። ማራገቢያ ያለው ኤሌክትሪክ እኩል ያበስላል፣ ሁለት ዳቦ በአንዴ ይችላል። ሙቀቱን 20 ዲግሪ ዝቅ ታደርጊዋለሽ፣ ዳቦው ሊደርስ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ታጠፊዋለሽ፤ በያዘው ሙቀት ይጨርሳል። ጋዝ ከገዛሽ ደግሞ ቁልፉ ላይ ዲግሪ ሳይሆን ቁጥር ታያለሽ። 4 ማለት 180 ነው፣ 6 ማለት 200።

ኤሌክትሪክ ከመረጥሽ ኢኮኖሚ 7 ስለሚባለው ታሪፍ ጠይቂ። በሌሊት ለሰባት ሰዓት ዋጋው ይቀንሳል። እንደየአካባቢው ቢለያይም፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለዳቦ እንዴት እንደሚመች! ማታ አቡክተሽ ታሳድሪያለሽ፣ ልጆቹ ሳይነሱ ትጋግሪያለሽ። ግን ተጠንቀቂ፤ የቀኑ ዋጋ ከተራው ታሪፍ ይበልጣል። ቀን ቀን ቤት የምትውዪ ከሆነ ይጎዳሻል፤ ማሞቂያው በሌሊት ሙቀት የሚያጠራቅም ዓይነት ካልሆነ አትግቢበት።

አሁን ከገንዘብ የሚበልጠውን። ጋዝ የሚያገናኝልሽ ሰው ጋዝ ሴፍ በሚባለው የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ሕጉ ነው። ካርዱን እንዲያሳይሽ ጠይቂው፣ አትፈሪ። "ወንድሜ ይችላል፣ በ30 ፓውንድ ይገጥምልሻል" የሚልሽን አትስሚ። ኤሌክትሪክም ቢሆን ከላይ ምድጃ ያለውን ትልቁን በተራ ሶኬት አትሰኪው፤ ከራሱ መስመር ጋር የሚያገናኘው ኤሌክትሪሻን ነው። ጋዝ ከሸተተሽ መስኮት ክፈቺ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኪ፣ ከቤት ወጥተሽ 0800 111 999 ደውዪ።

ኦቨኑን ከፍቶ ቤት ማሞቅ የሚባለውንም እለምንሻለሁ፣ አታድርጊው። የቡናውንም ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥዪ። የከሰል ጭስ ሽታው ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይዱ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። አገር ቤት በርና መስኮት ተከፍቶ ነው፤ እዚህ ለብርድ ተብሎ ሁሉም ይዘጋል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከ20 ፓውንድ ብዙም አይበልጥም። ሌላውን ዕቃ አዘግይተሽ እሱን አስቀድሚ።

ማሞቂያው በጋዝ ካልሆነ የእኔ ምክር ኤሌክትሪኩ ነው። ግን ኤሌክትሪክ መግዛትሽ ብቻ የጋዙን የቀን ክፍያ አያቆመውም፤ ቆጣሪው እስካለ ይቆጥራል። የቤቱን ባለቤት ፈቃድ ይዘሽ የጋዝ አቅራቢውን ቆጣሪው እንዲነሳልሽ ጠይቂ። ለማንሳት ሊያስከፍሉሽ ስለሚችሉ ዋጋውን አስቀድመሽ በጽሑፍ አስነግሪ።

ቁልፍ በምትረከቢበት ቀን የሁለቱንም ቆጣሪ ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው የተጠቀመው በስምሽ እንዳይመጣ ማስረጃሽ እሱ ነው። ማሞቂያው በምን እንደሆነ ስታጣሪ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ሂሳቡን አብረን እንሠራዋለን።